ወደቡ ላይ የተሰቀለው ቋንጣ

ሰው የጎደለውን ነገር በስም መሙላት ይወዳል። ደስታ የሚባል ጎረቤት ነበረኝ፤ ፊቱ ሲፈታ ያየ የለም። ሰላም የምትባለዋን ጠበኛማ እናንተም ሳታውቋት አትቀሩም፤ በየሰፈሩ አንዳንድ አለች። ስለዚህ የባሕር ሽታ እንኳ በማይደርስባት አትላንታ፣ ቻምብሊ ላይ፣ የድሮ መጋዘኖች ፈርሰው የተሠራውን መንደር «ወደብ» ብለው ሲሰይሙት አልገረመኝም። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ ቆፈሩ፣ ዳር ዳሩን ሣር ተከሉ፣ አንዲት ጀልባ በገመድ አሰሩ። ጀልባዋ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ቢሆንም ኮራሁ። አገሬ ያጣችውን ወደብ እኔ በስተርጅና አገኘሁ።

ልጄ ሰናይት ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ዱሉዝ ከሚባል ከተማ፣ ከሰው ቤት ምድር ቤት አውጥታ እዚህ ስታመጣኝ የቤቱን ጥቅም እንደ ጥሎሽ ዘረዘረችልኝ፤ ከታች ሱቅና ክሊኒክ፣ ከላይ መኖሪያ፣ ባቡሩ እግራችን ሥር፣ ጣሪያው ላይ ፀሐይ የሚለቅም መስታወት። «እማዬ፣ እዚህ ምንም ነገር ዌስት አይደረግም» አለችኝ። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ይህቺ ግን ገባችኝ። ፀሐይ አትባክንም ማለቷ ነው።

እኔም አላባከንኳትም። መጀመሪያ በረንዳ ላይ አንሶላ አሰጣሁ። ከቢሮ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ልብስ የሚደርቀው በማሽን ነው አሉ። ሰናይት ተቆጣች፤ ሦስት ጊዜ ከተጻፈብን ውላችን አይታደስም፣ እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ በዚህ ኪራይ ሁለተኛ አናገኝም። እሺ አልኩ፣ አንሶላ አይሰጣም። ስለ ሥጋ ግን የተናገረ አልነበረም።

በመጋቢት ጥሩ ሥጋ ዘልዝዬ፣ በጨውና በበርበሬ አሽቼ፣ በረንዳው ላይ ገመድ ዘርግቼ ሰቀልኩት። በዚያ ወር የዚህ አገር ጥድ ቢጫ ብናኙን መኪናውም ላይ ሰውም ላይ ስለሚነሰንስ በስስ ነጠላ ሸፈንኩት። ከሩቅ ላየው ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ይመስላል። ፊት ለፊት የሚኖረው ሰውዬ ውሻ ግን መጥቶ በረንዳዬ ሥር ቁጭ አለ። ጌታው ማሰሪያውን ቢጎትት፣ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች።

በማግስቱ የሕንፃው ማኔጀር ከተፍ አለች። ሰናይት አስተርጓሚ ሆነች።

«እንዲህ በያት» አልኩ፤ «እናንተ ፀሐይዋን ጣሪያ ላይ በመስታወት ትይዛላችሁ፣ እኔ በረንዳ ላይ በገመድ ያዝኳት። የእናንተ ጌጥ ሆኖ የኔ ነውር የሆነው በምን ሕግ ነው? ማንም የማይሳፈርባት ጀልባ ካላሳፈረቻችሁ፣ የሚበላ ሥጋ እንዴት ያሳፍራችኋል?»

ሰናይት ወደ ሴትየዋ ዞራ «ሺ ኢዝ ሶሪ» አለች።

«ሌላው የት ሄደ?»

«እማዬ፣ ፕሊስ። ሁለተኛችን ነው።»

ቋንጣው ወረደ። የሰናይት ልብስ መስቀያ ሥር ተሰቅሎ፣ ቬንትሌተር ቀንና ሌሊት እየነፋበት ደረቀ። ፀሐይዋ ውጭ በነጻ ቆማ እኛ በኤሌክትሪክ። ምንም ነገር የማይባክንበት ቤት ነው ብያችኋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ባለ ውሻውን ሰውዬ ባየሁት ቁጥር መገላመጥ ሆነ ሥራዬ። እሱ «ሃይ» ይላል፣ እኔ ኩሬውን አያለሁ። ሌላ ማን ሊከሰኝ ይችላል?

የፋሲካ ዋዜማ በራችን ተንኳኳ። ከእኛ በላይ የምትኖረው በላይነሽ ናት። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፤ ሁዳዴ ጉንጯን አጉድሎታል። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ጾም መግባቱንም የማውቀው ሰው ሲነግረኝ ነው።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ያ ቋንጣ... ደረሰ?»

«የቱ ቋንጣ?»

«በረንዳው ላይ የነበረው።» መሬት መሬቱን አየች። «ሽታው በመስኮት እየገባ አላስጾም ቢለኝ እኮ ነው ለቢሮ የተናገርኩት። እርስዎን ፊት ለፊት ለመናገር ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ከቤት ልታስወጪን ነበር እኮ፣ አንቺ ልጅ።»

«ውይ፣ በሞትኩት። እኔ መች አውቄ። አሁን ደግሞ ለመፈሰኪያ ምንም የለኝም።»

አያችሁልኝ? የዝናቡን ውሃ ወደ ኩሬ፣ ፀሐይዋን ወደ መብራት፣ ሱቁን ከታች፣ ሰውን ከላይ ያደረጉት ኢንጂነሮች ሁሉን አስበው ነበር። ይሉኝታን ግን ማንም ፕላኑ ላይ አላስገባትም፤ እሷ እንደሆነች ከፎቅ ፎቅ ያለ ሊፍት ትወርዳለች።

ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰውን ለእናንተም አልነግራችሁም። ዋጥኩት። የላይኛዋ ጎረቤቴ ተቀይማ ከምታድር ጠግባ ብታድር ለውላችን ይሻላል ብዬ ሳህን ሙሉ አስያዝኳት።

ከዚያ አንድ ዝልዝል በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ኩሬው ወረድኩ። ሰውዬው እንደ ልማዱ «ሃይ» አለኝ። ሶሪ እንዳልለው፣ ያለችኝን አንዲት ሶሪ ሰናይት ለማኔጀሯ ሰጥታብኛለች። በርበሬውን አራግፌ ቋንጣውን ለውሻው ሰጠሁት። እሱ ያለ አስተርጓሚ ገባው።