ጥቁር የለበሰች መካሪ

ልጅ አስተዳደግ የሚያውቀው ያልወለደ ሰው ብቻ ነው! የወለደማ ምኑን ያውቃል? ልጁ ሲወለድ ግማሽ እውቀታችሁ ይጠፋል፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ የቀረው…

ይህን ሐቅ ቀበሌያችን አልደረሰበትም ነበር። የሴቶች ማኅበሩ «እናት ለእናት» የሚል ነገር አቋቋመና ልጅ ያስቸገራቸውን እናቶች ቤታቸው ሄደው የሚመክሩ በጎ ፈቃደኞች ፈለገ። ሊቀመንበሯ አዳራሹን ስትቃኝ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጥቁር ለብሼ፣ ጥጌን ይዤ ዝም ነው የምለው። ጥቁር የለበሰና የማይናገር ሰው ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ፣ አዋቂ ይመስላል።

«እሷ ትሁን!» ተባለ። ተጨበጨበ። በዚህ ዘመን ከተጨበጨበ በኋላ እምቢ ማለት… እስቲ እናንተ ሞክሩት!

እኔ መካሪ! ልጄ ሰብለ አባቷ ካረፈ ወዲህ ከእኔ ጋር የምታወራው በሁለት ቃል ነው፤ «እሺ» እና «በልቻለሁ»። ከትምህርት ቤት ወጥታ የት እንደምትውል አላውቅም። «የት ነበርሽ?» ስላት «እሺ» ትለኛለች። ይህ መልስ ነው? አባቷን ቀበርኩ፤ እሷንም በቁሟ እያጣኋት መሰለኝ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

እንድመክር የተሰጠችኝ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የምትኖረው፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ፋጡማ ናት። ልጇ ፎዚያ እቤት አልቀመጥ ብላታለች አሉ። ገረመኝ! ፎዚያማ ከሰዓት ከሰዓት እኔ ዘንድ እየመጣች አንገቷን ደፍታ ዳንቴል የምትሠራ፣ ወርቅ የሆነች ልጅ ናት። በእሷ የሚማረር ምን ዓይነት እናት ነው? ይህንኑ ልነግራት ደረቁን ደቻቱ በዚያ ፀሐይ ተሻግሬ ሄድኩ።

ፋጡማን ሻሿን እያሰረች በሯ ላይ አገኘኋት።

«ልመክርሽ መጣሁ» አልኳት።

«አቦ! እኔ ደግሞ አንቺን ልመክር እየወጣሁ ነበር!»

«እኔን?»

«ወላሂ! ‹የሰብለ እናት ልጇ አስቸግራታለች፣ ሂጂ› ተባልኩ። አንቺ ሴት፣ አላህን አትፈሪም? በሰብለ ይማረራል?»

«ሰብለን የት ታውቂያታለሽ?»

ሳቀችና በጣቷ ወደ ውስጥ አሳየችኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ… የእኔ ልጅ! የፋጡማን ትናንሽ ልጆች ሰብስባ፣ ሳምቡሳ እየገመጠች ታወራለች።

«አባቴ ሲያንኮራፋ ሽቅብ እንደሚወጣ ባቡር ነበር፤ ኸርርር… ኸርርር… ጣቢያ ሲደርስ ደግሞ ፊይይይ!»

እውነቷን ነው። ባለቤቴ የባቡር ሾፌር ነበር፤ ተኝቶም ይነዳል።

«እኔ ጋ እኮ ስሙን አንስታ አታውቅም» አልኩ በሹክሹክታ።

«ጠይቄያታለሁ። ‹ካነሳሁት እማ ታለቅሳለች› አለችኝ» አለች ፋጡማ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የእኔዋስ? እኔን ምን ብላ ነው የምትሸሸኝ?»

«ላንቺ ነው ዳንቴሉን የምትሠራው። ለኢድ ላስደንቃት ብላ ነው። እንዳትናገሪ!»

ፋጡማ አፏን በሻሿ ያዘች። መካሪዋ ልታለቅስ፣ እኔም ልከተላት ስል… ከውስጥ «ፊይይይ!» ተባለ። ሳቄ አመለጠኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰብለ መጋረጃውን ገልጣ ክው አለች።

«እማ!… አለቀስሽ?»

«አላለቀስኩም። ግን አሳስተሻል። አባትሽ ፊይይይ ከማለቱ በፊት ትንሽ ያንቀዋል» አልኳትና አሳየኋት።

እስቲ አስቡት፤ ጥቁር የለበሰች የቀበሌ መካሪ፣ በሰው በረንዳ ላይ ቆማ ስታንኮራፋ! ጎረቤት ሁሉ በአጥር ብቅ ብቅ አለ። ማኅበሩ ይህን ቢያይ መልሶ ያጨበጭብ ነበር ወይ? እንጃ።

የዚያን ቀን እራት ሳቀርብ «በልቻለሁ» አልተባልኩም። ሰብለ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ፊቷን አኮማተረች።

«እማ፣ ወጥሽ ጨው በዝቶበታል። የእትዬ ፋጡማ በጣም ይሻላል።»

ስምንት ቃል! የትኛዋ እናት ናት እንዲህ ተብላ የምታልፍ? እኔም አላለፍኩም።

«አልሰማሁሽም የኔ ልጅ» አልኳት፤ «እስቲ ድገሚልኝ።»