ዘንዶዋን አልትራሳውንድ ያስነሳው ጎረቤቴ

መጠበቅ የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤቴ ኤርጫፎ አለልኝ። ሆሳዕና ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ እቤቱ ሁለት ዘንዶ ያረባል። ወንዱን ከማገናኘቱ በፊት የሴቷ እንቁላል መድረሱን በአልትራሳውንድ ሊያረጋግጥ፣ በጆንያ ተሸክሟት ክሊኒክ መጣ። እኔና እርጉዟ ባለቤቴ ተራ ይዘን ነበር።

«ማንን ልታሳይ ነው?» አለችው ባለቤቴ።

«ሴቷን! ዛሬ ካልደረሰላት አብዳለሁ» አለ፣ ቁጭ ብድግ እያለ።

ጆንያው ሲላወስ ነፍሰ ጡሮቹ ሁሉ ግቢ ወጡ። ሐኪሙ ግን ደፋር ነው፤ አልትራሳውንድ አነሳትና «እንቁላሎቹ ገና ትንንሽ ናቸው፤ ከወራት በኋላ ተመለስ» አለው።

«ወራት?» ብሎ ኤርጫፎ ግድግዳውን ተደገፈ። ግፊቱ ቢለካ ሰማይ ነክቷል፤ እዚያው አስተኙት። ዘንዶዋ ጤነኛ ነሽ ተብላ ተሸኘች።

ታዲያ ማን ቤት ያድርሳት? ኤርጫፎ አልጋው ላይ ሆኖ እኔን አየኝ። ባለቤቴ ባጃጅ ይዛ ሄደች፤ እኔና ዘንዶዋ በእግራችን ገባን።