ጋሼ ደርበው ጭስ ያዩበት ሐይቅ

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ ያልተጠየቀውን የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ከተማ የካልጋሪው፣ ካናዳ፣ ክቡር ጋሼ ደርበው ናቸው። ፎርት ማክመሪ፣ የነዳጅ ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ሽንኩርት ልጠው ከተመለሱ ወዲህ ስለ ነዳጅ ያላስረዱት ሰው የለም። መሀል ከተማው በግንባታ ክሬን በተሞላበት በዚያ ዘመን የእያንዳንዱን ክሬን ባለቤት ይነግሩን ነበር። "ግልጽ ነው" ይላሉ። ግልጽ የሚሆነው ለእሳቸው ነው።

ቤልትላይን ሰፈር ያለችው የፍሬም መሥሪያ ሱቄ የዘወትር መቀመጫቸው ናት። የአንዲት ደንበኛዬን አያት ፎቶ አይተው ሰውየው የጉበት በሽታ እንደነበረባቸው ነግረዋታል። የሚያናድደው፣ ልክ ነበሩ።

አንድ ሐሙስ የዓለምወርቅ የምትባል ደንበኛዬ በካርቶን መሀል የተኛ የፓስቴል ሥዕል አመጣች። የምትንከባከባቸው አሮጊት፣ ሚስስ ሃርፐር፣ አባታቸው የሣሉትን ነው የሰጧት፤ ቅዳሜ ፍሬሙን ሊያዩ ይመጣሉ። ፓስቴል እንደ ጠመኔ ነው፤ ጣት ቢነካው ይለቃል፣ መስታወቱም ራቅ ማለት አለበት። እሱ ቀላል ነው። ግራ የገባኝ ላዩ የቱ እንደሆነ ነው። በአንድ ወገን መብራት የለበሱ ማማዎችና እንደ ጎማ ክብ የሆነ ትልቅ መንኮራኩር፣ በሌላው ያው ነገር ተገልብጦ፣ ደብዝዞ። ፊርማ የለ፣ ጽሑፍ የለ። የዓለምወርቅም አታውቅም።

ጋሼ አንዴ አይተው ፈረዱ።

"ሪግ ነው፣ የነዳጅ መቆፈሪያ። ደብዛዛው ጭስ ነው። ጭስ ወደ ታች ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?"

"ጋሼ፣ ውሃ ቢሆንስ?"

"አንተ የቱ ካምፕ ነው የሠራኸው?"

ሽማግሌ ደንበኛ ፊት አይታረምም። ደብዛዛውን ወደ ላይ አድርጌ ማንጠልጠያውን አሰርኩ።

ቅዳሜ ሚስስ ሃርፐር ከየዓለምወርቅ ጋር መጥተው ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ ታሪኩንም ነገሩን። ሥራ በጠፋበት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አባታቸው ገንዘብ አጥተው አሜሪካ የተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን መጫወቻ ስፍራ ሊያስገቧቸው አልቻሉም። ከሐይቁ ማዶ ቆመው መብራቱን ውሃው ላይ ተገልብጦ ጭምር አዩ፤ አባትየው ቤት ሲገቡ ሣሉላቸው።

"አንድ ቀን እንኳ በደንብ አላየሽውም ማለት ነው" አሏት የዓለምወርቅን።

የዓለምወርቅ አቀረቀረች። ጋሼ ደርበው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

"ማይ ሚስቴክ፣ ማዳም። እሷ የለችበትም። ይሄ ባለሱቁ ልጅም ውሃ ነው ብሎኝ ነበር።"

ፍሬሙን ገልብጬ ማንጠልጠያውን እስክቀይር አሮጊቷ የዓለምወርቅን እጅ ይዘው ቆዩ፤ ሐይቁም ወደ ቦታው ወረደ።

እኔ ግን ይበልጥ ግራ ገባኝ። ጋሼ እስከ ምሳ ድረስ ትንፍሽ አላሉም። በመስኮት ክሬኑን አላዩ፣ የምስማር አመታቴን አላረሙ። ሱቁ የሰው ሱቅ መሰለኝ። አልቻልኩም፤ ሌላ ደንበኛ የተወውን ሥዕል አውርጄ ፊታቸው ዘረጋሁት።

"ጋሼ፣ ይሄስ ምን ይመስልዎታል?"

መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ። ተመስገን አልኩ።