ተጠባባቂው አሠልጣኝ የተሾሙበትና የተሰናበቱበት ስብሰባ

የዶልና ቪስካ ከተማ የበረዶ ሆኪ ክለብ ሥራ አመራር ኮሚቴ ሐሙስ ጃንዋሪ 14 ቀን፣ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት፣ በተጫዋቾች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ተሰበሰበ (የጽሕፈት ቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቷል)። ከሰባቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
አቶ ሲልቬስተር ብሬዚና፣ ሊቀመንበር
ወ/ሮ ኦቲሊያ ሃይድኮቫ፣ አባል (ባለ ዳቦ ቤት)
አቶ ጉስታቭ ፔትራሽ፣ አባል (ባለ ሥጋ ቤት)
ዴዚደር ሙልካ፣ ጸሐፊ
ድምፅ ሳይኖራቸው የተገኙ፦ አሠልጣኝ ቬንዴሊን ሃርማን

አጀንዳ 1፦ አሠልጣኙን ስለማሰናበት

ሊቀመንበሩ ቡድኑ አሥራ አንድ ጨዋታ በተከታታይ መሸነፉን ገለጹ። አቶ ጉስታቭ የሽንፈቱ ምክንያት ልጃቸው ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጡ እንደሆነ አስረዱ። ወ/ሮ ኦቲሊያ «ልጅህ እኮ አጥር ካልያዘ በረዶ ላይ መቆም አይችልም!» አሉ። አቶ ጉስታቭ ንግግሩ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ሁሉም በዓይኑ ያየው ነገር ስለሆነ እንዲቆይ ተወሰነ።

ጸሐፊው የስንብት ደብዳቤ ለማርቀቅ ፋይሉን ሲያገላብጥ፣ አሠልጣኝ ቬንዴሊን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ጉልበታቸው ተሰብሮ ጨዋታ ሲያቆሙ «ለአንድ ወር በተጠባባቂ አሠልጣኝነት» እንደተመደቡ፣ ከዚያ ወዲህም ማንም እንዳልሾማቸው አገኘ። ያልተሾመ ሰው ሊሰናበት እንደማይችል ስለታመነበት፣ በቅድሚያ በሙሉ ድምፅ ዋና አሠልጣኝ ሆነው ተሾሙ። ተጨበጨበላቸው። አሠልጣኙ ተነሥተው አመሰገኑ፤ ዓይናቸውንም በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ቀጥሎ ተሰናበቱ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ተተኪ

ተተኪው አውቶቡስ የሚነዳ፣ የበረዶ ማለስለሻውን መኪና በመዶሻ መትቶ የሚያስነሣ፣ የጨዋታ ቀን ተጫዋቾቹን በየቤታቸው እየዞረ የሚቀሰቅስ እንዲሆን ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሊቀመንበሩ እጩ ሲጠይቁ አባላቱ ጣሪያውን ሲመለከቱ ቆዩ። ወ/ሮ ኦቲሊያ አቶ ጉስታቭን ጠቆሙ፤ አቶ ጉስታቭ ወገባቸውን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እንደሚያማቸው አስታወቁ። ቅዳሜ ጨዋታ እንዳለ ከተወሳ በኋላ፣ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ እንዲሻር ተወሰነ።

አሠልጣኝ ቬንዴሊን «ሹመቴም ጭምር?» ሲሉ ጠየቁ። ጭምር መሆኑ ተነገራቸው።

«እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ» አሉ። «በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ቅዳሜ ሳላስብ የተቀመጥኩት ዛሬ፣ እናንተ ስትጨቃጨቁ ብቻ ነው። ስንብቴ አሥር ደቂቃ ይጨመርልኝ።»

አቶ ጉስታቭ መጥፎ ልማድ ይሆናል ብለው ተቃወሙ። በሦስት ድምፅ ተፈቀደ።

ስብሰባው 11፡40 ላይ ተዘጋ። አሠልጣኙ ጫማቸውን አውልቀው እስከ 11፡50 እንደተሰናበቱ ቆዩ።