ባለ ሦስት ጓጉንቸር ድንኳን

መጽሐፍ አንብቦ ዝም የሚል ሰው አለ፤ አንብቦ ሰፈር የሚያምስም አለ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተሰማ የትኛው እንደሆኑ ልንገራችሁ?

ጡረታ በወጡ ማግሥት አሜሪካኖች ሕገ መንግሥታቸውን እንዴት እንደጻፉ አነበቡ። «ሰዎቹ በዚያ ሙቀት መስኮት ዘግተው ነው የተከራከሩት» አሉና፣ እኛንም የካ ሚካኤል አጠገብ ባለች ቆርቆሮ ቤት ዘግተውብን፣ ላባችን እየተንጠፈጠፈ «እኛ ሕዝቦች» ብሎ የሚጀምር መተዳደሪያ ደንብ አስጻፉን። ሥልጣን በአንድ እጅ መግባት የለበትም ተባለ። ስለዚህ የለቅሶ ድንኳኑ ያለበት መጋዘን ሦስት ጓጉንቸር ተገጠመለት፤ አንዱ ቁልፍ ለሊቀመንበሩ፣ አንዱ ለምክር ቤቱ፣ አንዱ ለዳኛው። ዳኛው እኔ ነኝ፤ አትሳቁ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን አቶ በቀለ አረፉ። ዝናቡ ከእንጦጦ ወርዶ ለቀስተኛውን ደጅ ላይ አገኘው። ጋሽ ተሰማ የራሳቸውን ከፈቱ። ምክር ቤቱ አባላቴ አልተሟሉም አለ። እኔም፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ማመልከቻ በጽሑፍ ይቅረብልኝ አልኩ። ሥልጣን እንዴት እንደሚጣፍጥ ማን ነግሮኝ!

የእድሩ ዕቃ ጠባቂ እትዬ ጫልቱ ድንጋይ ይዘው መጡና ጋሽ ተሰማን ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ደንቡ ሲጀምር ምን ይላል?»

«እኛ ሕዝቦች...»

«እንግዲያው ሕዝቡ እኔ ነኝ፣ ዞር በሉ!»

የቀሩትን ሁለት ጓጉንቸሮች አደቀቋቸው፤ ድንኳኑም ተተከለ። ጋሽ ተሰማ ቃለ ጉባኤው ላይ «የመጀመሪያው ማሻሻያ» ብለው መዘገቡት።

እኔ ቁልፌን እስከ ዛሬ አንጠልጥዬ እዞራለሁ። ሥልጣኔ አልተነካም፤ የተሰበረው ጓጉንቸሩ ብቻ ነው።