ቅማል ራስ ላይ የተገኘሁ ዕለት

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ጉድ አለምኩ። ቅማሎች የቤት ያህል ገዝፈው፣ እኛ ሰዎች የሰሊጥ ፍሬ አክለን ፀጉራቸው ውስጥ እንኖራለን። እኔ የምኖረው ወይዘሪት ዘርትሁን በምትባል፣ ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ቅማል ራስ ላይ ነበር። በዚያን ቀን ሊጠይቋት ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ እሷ ግን ማከኩን አልተወችም።

"እማዬ፣ ሰው ሳይኖርብኝ አይቀርም" ብላ አለቀሰች።

"ዝም በይ! ሰው አለባት ከተባለ ማን ያገባሻል?" አለች እናቷ፤ ሻሽ ጠምጥማላት ወደ ፋርማሲ በረሩ።

እዚያ ገዢዎቹ ነጭ ጋውን ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ፋርማሲስቶቹ ናቸው በር ላይ የተሰለፉት። ከፊት ያለው ቅማል እጅ ነሣ።

"እባክዎ እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልሽጥልዎት?"

"የሰው ቅባት" አለች እናቷ በሹክሹክታ። "ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሰጣል?"

"ይሰጣል። ተቀብታ አሥር ደቂቃ ትቆይ፤ ከዚያ ታጥባ በቀጭን ማበጠሪያ ትበጠር።"

"ነጭ ጋዝ ባፈስባትስ?"

"ኧረ በስመአብ! ልጅቷን ሊያቃጥሏት ነው? ይልቅ በዘጠነኛው ቀን ይድገሙት። ሰዎች ልጆቻቸውን ደብቀው ነው የሚሞቱት።"

"የምን ልጅ? እኔ ገና አላገባሁም!" ብዬ ጮህኩ። ስሜ ሲጠፋ ዝም ማለት አልችልም።

ወይዘሪት ዘርትሁን ሰማችኝ። "አንቺ ነሽ የምታዋርጂኝ?"

"እባክሽ ማሪኝ! ለእኔም ዛሬ ሽማግሌ ይመጣል።"

"ታዲያ እኔ ራስ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ቤትሽ ገብተሽ አትጠብቂም?"

ወዲያው ቅባቱ እንደ ጎርፍ ወረደብኝ። ፀጉሯን ይዤ ተንጠለጠልኩ። ማበጠሪያው መጣ፤ ጥርሱ ወገቤን ሲይዘኝ በጣም ፈራሁና ጮህኩ።

እናቴ ትከሻዬን ይዛ ትወዘውዘኛለች። "አንቺ ልጅ! የቅማሉን ቅባት ለአሥር ደቂቃ ተባልሽ እንጂ ሁለት ሰዓት ተኚበት ተባልሽ? ሽማግሌዎቹ ገብተዋል!"

ለመታጠብ ጊዜ አልነበረም። ሻሽ አስራብኝ ወደ ሳሎን ገፋችኝ። ሽታው ቀድሞኝ ገባ። የእጮኛዬ አጎት ጋሽ ቸርነት አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። አለቀልኝ አልኩ።

እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁና ራሳቸውን በሁለት እጃቸው አከኩ።

"እኛም ቤት ሰሞኑን የምንቀባው ይኸንኑ ነው" አሉና ወደ እናቴ ዞሩ። "ይኸውልዎ እመቤቴ፣ ሳንጠይቅዎ ተዛምደናል።"