ሾፌሩ የወደዳቸው ሸክላዎች

ጋሼ፦ በዳሩ ያዘው! በዳሩ አልኩህ እኮ!

ሾፌሩ፦ ክብ ነገር ነው ጋሼ፤ ዳሩ የቱ ጋ ይጀምራል?

ጋሼ፦ ዙሪያው በሙሉ ዳር ነው! ጣትህ መሐሉን በነካ ቁጥር አንድ ዘፈን ይሞታል።

ሾፌሩ፦ (ደንግጦ እጁን እያነሳ) ነፍስ ይማር።

(ነገሩ የሆነው በጋሼ ቤት፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ጋሼ የራሳቸው መድኃኒት ቤት አላቸው፤ ለሳል ሽሮፕ የመጣውን ሰው ስለ ድሮ ሮክ ሙዚቃ አስተምረው ሽሮፑን ሳይሰጡ የሚሸኙ ሰው ናቸው። የክፍሏ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በሙዚቃ ሸክላ ተጠቅጥቋል። አሁን ግን የሚስታቸው እናት ወገባቸውን ታመው ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው፣ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ነው፤ ከዚህች ክፍል ሌላ ማረፊያ ደግሞ የለም። ባልና ሚስት ሲነታረኩ ከርመው በመጨረሻ ጋሼ አንድ ነገር ፈቀዱ፦ ሸክላዎቹን እንደ አዲስ ሰምተው የማይረባውን ይለያሉ፤ የሚረባው ግን ንቅንቅ አይልም። ካርቶን እንዲሸከም የተላከው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ጋሼ ይህ ልጅ ደነዝ መሆኑን የደመደሙት ገና በሠርጋቸው ቀን ነው።)

ጋሼ፦ (መርፌውን እያስቀመጡ) ጆሮህን ክፈት። ይሄ ሮክ ነው። አውቶቡስህ ውስጥ እንደሚያንቋርረው ሬዲዮ እንዳይመስልህ።

ሾፌሩ፦ (ትንሽ አዳምጦ) የሆነ ነገር እየተጠበሰ ነው ጋሼ። ኩሽና እሳት ትተው መጥተዋል?

ጋሼ፦ የሸክላው ድምፅ ነው! መርፌው ሲሄድ እንዲያ ይንጣጣል። ሸክላ ሙቀት አለው የምንለው ለዚህ ነው።

ሾፌሩ፦ ሲንጣጣማ መሞቁ አይቀርም። (ዘፋኙ በድንገት ጮኸ) ውይ! ምን አገኘው?

ጋሼ፦ ሥርዓቱን እየተቃወመ ነው።

ሾፌሩ፦ አዎ፣ ሥርዓት እንደሌለው ያስታውቃል።

ጋሼ፦ ያንን ሥርዓት አይደለም! መንግሥቱን፣ ኑሮውን፣ ዓለሙን ማለቴ ነው፣ አንተ ግንድ!

ሾፌሩ፦ እኔን ግን ራሴን አመመኝ። ይሄ ቢወጣስ?

ጋሼ፦ ይውጣ? አንተን ራስህን ስላመመህ? (ሸክላውን አቅፈው ወደ መደርደሪያው መለሱት) የክብር ቦታ ነው ያለው! ራስህን ካመመህ ክኒን እሰጥሃለሁ።

ሾፌሩ፦ ይሄኛውስ? ሽፋኑ ላይ ፈረስ ገንዳ ውስጥ የሚታጠብበት?

ጋሼ፦ ምልክት ነው። ፈረሱ ነፃነት ነው፤ ገንዳው ዘመናዊ ኑሮ።

ሾፌሩ፦ ሳሙናውስ?

ጋሼ፦ ሳሙና የለም!

ሾፌሩ፦ ታዲያ ምኑን ታጠበ።

(ኦርጋን ተጀመረ። ቀጠለ። አሁንም ቀጠለ።)

ሾፌሩ፦ ዘፋኙ ቀረ እንዴ ጋሼ?

ጋሼ፦ ሶሎ ነው! ኦርጋኑ ብቻውን ነው የሚጫወተው።

ሾፌሩ፦ ሌሎቹ ሰልችቷቸው ሄደው ነው? አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሰልችቶኛል።

ጋሼ፦ ሰለቸህ! ስንቱ እንባውን ያፈሰሰበት ሶሎ አንተን ሰለቸህ! ይቀመጣል!

ሾፌሩ፦ ሁሉም ከተቀመጠ እናቴ የት ልትተኛ ነው?

ጋሼ፦ ሳሎን ሶፋ አለ። ሶፋው ምን አለው? እኔ ራሴ ዜና እያየሁ የምተኛው እዚያ አይደል?

(ሾፌሩ ባዶውን ካርቶን በእግሩ ገፋ አድርጎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሦስተኛው ሸክላ ሲጀምር ግን ሳያስበው አንገቱን መነቅነቅ ያዘ።)

ሾፌሩ፦ ይሄስ ደስ ይላል።

ጋሼ፦ (እጃቸው አየር ላይ ቀርቶ) ምን አልክ?

ሾፌሩ፦ ደስ ይላል። አውቶቡስ ውስጥ ብከፍተው ተሳፋሪው ይወደዋል።

(ጋሼን አንድ ነገር ቆረጠማቸው። ይህን ሸክላ ለእንግዳ ሁሉ ሲያሞግሱት ኖረዋል። አሁን ግን የአማቻቸው አንገት ሲነቀነቅበት ሲያዩ፣ ጊታሩ የረከሰ፣ ዜማው የቀለለ መሰላቸው።)

ጋሼ፦ ተሳፋሪው ይወደዋል! እኔም እኮ ሁልጊዜ አንድ ነገር ቅር ይለኝ ነበር። ለገበያ የተሠራ ነው። ካርቶን!

ሾፌሩ፦ ካርቶን ነው የሚባሉት?

ጋሼ፦ ካርቶን ውስጥ ክተተው ማለቴ ነው!

(ሾፌሩ ከተተው። ካርቶኑን አየ። ጋሼን አየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው ወርውሮ ከላይ እስከ ታች አየው።)

ሾፌሩ፦ እስቲ ያቺን ያሰሙኝ፤ እንቁላሉ ክንፍ ያወጣባትን።

ጋሼ፦ እሷ እንኳ ላንተ አትሆንም። ከባድ ናት። (አጫወቷት)

ሾፌሩ፦ ወይኔ! ምን ዓይነት ጊታር ነው! ሆዴን አባባው።

ጋሼ፦ ሆድህን? ይሄ ለአእምሮ የተሠራ ሙዚቃ ነው፤ ሆድ ጋ ምን አደረሰው? (ጠጋ ብለው አዳመጡ) ለካ ልፍስፍስ ኖሯል። ካርቶን!

ሾፌሩ፦ ይሄ ድራም ደግሞ! ልጆቼ ቢሰሙት ሲዘሉ ይውላሉ።

ጋሼ፦ የልጆች መዝለያ! ካርቶን!

ሾፌሩ፦ ይሄ የመኪና አደጋ የመሰለውስ? በጣም ነው የተመቸኝ።

ጋሼ፦ አንተን ከተመቸህ አንድ ጉድለት አለበት። ካርቶን!

(ካርቶን ሞላ፤ ሌላ ካርቶን ተከፈተ። ሾፌሩ በር ላይ ወደቆመችው ፒካፕ እየጫነ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር አዲስ ፍቅር ይይዘዋል። ጋሼም በየተራው እየተናደዱ፣ ግን አንድ ዓይነት ደስታ እየተሰማቸው ሄደ። እንዲህ ጥርት አድርገው ፈርደው አያውቁም። «እኔ እኮ ሃያሲ መሆን ነበረብኝ» አሉ በልባቸው።)

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ይሄንን እኮ ገና አላጫወቱትም።

ጋሼ፦ ሽፋኑን አይተህ ፈገግ ብለሃል! ይበቃኛል። ካርቶን!

ሾፌሩ፦ እሺ። የቅድሙ ፈረስ ግን... አይገርምም? ያ ሶሎ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ስጭን እንኳ እያፏጨሁት ነበር።

ጋሼ፦ አፏጨኸው? ያንን ሶሎ? አንተ?

ሾፌሩ፦ የሚጮኸውንም ሰውዬ። ሳስበው አንጀቴን በላው።

ጋሼ፦ (ሁለቱንም ከክብር ቦታቸው መንጭቀው እያወረዱ) ውሰድልኝ! አሁኑኑ ውሰድልኝ!

(መደርደሪያው ላይ አንዲት ሸክላ ቀረች። ሽፋኗ ተላልጦ ምን ሥዕል እንደነበረባት አይለይም። ጋሼ መርፌውን ሲያስቀምጡ እንደ ልማዳቸው ማብራሪያ አልሰጡም። ተማሪ ሳሉ በተከራዩአት ጠባብ ክፍል፣ ከግድግዳው ማዶ የሚኖር ሰው ሁልጊዜ እሑድ እሑድ ይህቺን ሸክላ ያጫውት ነበር። ጋሼ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ይሰሟት ነበር፤ ሰውየውን ግን አንድም ቀን በዓይናቸው ሳያዩት ቤቱን ለቀቀ። አሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሾፌሩን አፍ ፈሩት።)

ጋሼ፦ (ቀስ ብለው) ስለዚህችኛዋ ምንም ባትል ይሻላል።

ሾፌሩ፦ (አተኩሮ አይቷቸው) ልናገር ጋሼ። ከተናገርኩ ላይቀር።

ጋሼ፦ (በረጅሙ ተንፍሰው) ተናገራ እንግዲህ።

ሾፌሩ፦ ይቺስ አትረባም። ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚበትን ሰው ነው የምትመስለው።

ጋሼ፦ (ከወንበራቸው ተስፈንጥረው) ጠጠር! ይቺን ጠጠር! አየህ ድንቁርናህን! ይቺ ከዚህ ቤት የምትወጣው በሬሳዬ ላይ ነው!

ሾፌሩ፦ እሺ ትቀመጥ። ጆሮ የለኝማ፣ ምን ላድርግ።

ጋሼ፦ ጆሮስ የለህም! (ሸክላዋን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ፊታቸው በርቶ) ከመጀመሪያው ነግሬህ ነበር።

ሾፌሩ፦ (ስልኩን አውጥቶ) ሄሎ እህቴ? የእማዬን አልጋ አስጭኚ። አዎ፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ኧረ ምን ጠብ አለ! ራሳቸው ናቸው አንድ በአንድ የለዩት። እኔማ ከማድነቅ በቀር ምን አልኩ?

(ጋሼ ዞር ብለው መደርደሪያውን አዩ። ጣውላው ገጦ፣ ሸክላዎቹ የቆሙበት ቦታ በአቧራ መስመር ተሰምሮ ቀርቷል። «ከማድነቅ በቀር» የሚለው ቃል ጭንቅላታቸው ውስጥ መዞር ጀመረ። ሁለት ጊዜ ዞሮ ሲቆም፣ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።)

ጋሼ፦ አንተ ልጅ... እንቁላሏን ወደድካት።

ሾፌሩ፦ ወደድኳት።

ጋሼ፦ ፈረሱንም። ሽፋኑን ያየኸውንም፣ ያላየኸውንም።

ሾፌሩ፦ ሁሉንም ጋሼ።

ጋሼ፦ ታዲያ ይቺን ብቻ ምን አድርጋህ ጠላሃት?

ሾፌሩ፦ (የመጨረሻውን ካርቶን ትከሻው ላይ እያወጣ) ይቺንም ብወዳት ምን ሊተርፍዎት ነው ጋሼ?